የጓዳዋ ቀዳዳ

የሰው ቤት ሲለቁ ግድግዳውን እንደነበረ አድርጎ መልቀቅ ወግ ነው። አቶ አሻግሬም የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሹም ሆነው ሃያ ሁለት ዓመት የኖሩበትን ቤት ሰኞ ሊያስረክቡ ነውና፣ ቅዳሜ ጠዋት ከክፍል ክፍል እየዞሩ ቀዳዳ ሲፈልጉ አረፈዱ። ሥዕል የተሰቀለበት የሚስማር ቀዳዳ አለ፤ ቁም ሳጥን የገጨው አለ። ትልቁ ግን ከሳሎኑ በር ኋላ ያለው ነው። የበሩ እጀታ እየመታ እየመታ ግድግዳውን ጡጫ በሚያህል መጠን አሰርጉዶታል። በሩን እንደዚያ የሚበረግዱት ደግሞ በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። የአቶ አሻግሬን ቁጣ ሰምቶ የማያውቅ እንግዳ ቢኖር ያንን ግድግዳ ማየት ይበቃው ነበር።

ልጃቸው መሰለች ከድሬዳዋ ከመጣች ሳምንት ሆኗታል። ወላጆቼን ዕቃ ላግዛቸው ብላ ነው የመጣችው። ይህ ለባሏ ለቀናው የነገረችው ነው፤ ውሸትም አይደለም። ለራሷ የነገረችው ግን ሌላ ነው። ቤቱ ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት ጓዳ ገብታ አንዲት ቀዳዳ ማየት ትፈልጋለች። አምስት ዓመት ሙሉ ስትጠላው የኖረችውን ሰው ያቺ ቀዳዳ ታውቀዋለች። ሳምንቱን ሙሉ ግን በጓዳው በር አልፋ ተመለሰች እንጂ አልገባችም። ነገ እሑድ በጠዋቱ ባቡር ትመለሳለች። ድሬዳዋ ባሏና የሁለት ዓመት ልጇ አስቴር ይጠብቋታል።

«ግድግዳውን የሚጠግን ሰው አስጠርቻለሁ፤ ያኔ የሠራልንን ልጅ፣ ለሜሳን» አሉ እናቷ እትዬ ብዙወርቅ፣ ሳህን በጨርቅ እየጠቀለሉ።

መሰለች የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ አልወደቀም። እንዲያውም አጥብቃ ያዘችው። «ሌላ ሰው ጠፋ?» አለች።

«ሌላማ ሞልቷል። የሱ እጅ ግን የተለየ ነው። የደፈነውን ቦታ ፈልገሽ አታገኚውም።»

ይህ እውነት ነው። እሷም ሳሎኑ ውስጥ ያኔ የደፈነውን ፈልጋ አላገኘችውም።

ለሜሳ አራት ሰዓት ላይ መጣ። በአንድ እጁ የጀሶ ከረጢት፣ በሌላው ባልዲ ይዟል፤ ባልዲው ውስጥ የግንበኛ ማንኪያው፣ ብሩሹና የብርጭቆ ወረቀቱ አሉ። ትከሻው ሰፍቷል። ቅንድቡ ላይ እንደ ድሮው ነጭ አቧራ አለ። በሩ ላይ ቆሞ ጎንበስ አለና «እንደምን አደሩ፣ እትዬ ብዙወርቅ» አለ። ከዚያ ዓይኑ መሰለች ላይ አረፈ፤ ወዲያው ወደ መሬት ወረደ። «እርስዎም ደህና ነዎት?» አላት።

እርስዎ! ሰው በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር። መቶ ጊዜ «አንቺ» ብሎ በእጁ የጻፈላት ሰው፣ ዛሬ በአፉ አራቃት።

«ምነው ለሜሳ፣ መሰለችን አንቱ ማለት አመጣህ? ጭቃህን ስትነካካብህ የነበረች ልጅ!» ብለው ሳቁ እትዬ ብዙወርቅ።

«አሁን የሰው እመቤት ናቸው» አለ።

«አንተስ የሰው ባል ሆነህ የለም? አምና ነው አሉ ያገባኸው። አደሴን፣ የነመገርሳን ጎረቤት።»

«አዎ። አምና።»

መሰለች ፈገግ አለች። ፈገግታው ከየት እንደመጣ እሷም አታውቅም። «እንኳን ደስ አለህ» አለችና ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ሳህኖቹ ተመለሰች።

አቶ አሻግሬ ሳጥን ታቅፈው በመሃል ሲያልፉ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት «ጭቃህን ምንጣፉ ላይ እንዳታንጠባጥብ» አሉት። ከሰባት ዓመት በፊት መጀመሪያ ቀን የተናገሩትም ይህንኑ ነበር፤ አንድ ቃል አልጨመሩም፣ አንድ ቃል አልቀነሱም።

ያኔ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ክረምቱ የቤቱን ምርጊት አረግፎት ነበርና ለሜሳ ሊለስን መጣ። የአቃቂ ገበሬ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞቱበት ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ ጭቃ ማቡካት ጀመረ። መሰለች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ውላለች። ትልልቅ ቀዳዳ መጀመሪያ በወረቀት ይወተፋል፣ ከዚያ ነው በላዩ ጭቃውና ጀሶው የሚመጣው፤ ለዚህ ተብሎ አሮጌ ጋዜጣ ተሰጥቶታል። እሱ ግን እያንዳንዱን ገጽ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ሳይጨርስ አይወትፍም። አንድ ቀን ግማሽ ወሬ አንብቦ ግማሹ ገጽ ተቀዶ ቢጠፋበት «ሰውየው ከዚያስ ምን ሆነ?» ብሎ እሷን ጠየቃት። ሳቀች። ፍቅር አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ግማሽ ጋዜጣ ይበቃዋል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ዘገየ። ቀዳዳ እንዴት እንደሚደፈን አስተማራት። «ደረቅ ግድግዳ ጭቃ አይቀበልም» ይላታል፣ ብሩሹን ውኃ እየነከረ። «መጀመሪያ አቧራውን ጥረጊለት። ከዚያ ዳር ዳሩን በደንብ አርሺው። ግድግዳው ውኃ ጠጥቶ ሲጠግብ ነው የሰጠሽውን የሚይዘው። የመጀመሪያውን አሳንሰሽ ሙዪ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ድገሚው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።» ሥራው ባለቀ ዕለት ጓዳ ወስዶ፣ ከመደርደሪያው ሥር እጅ ብቻ የምታስገባ ቀዳዳ አሳያት። በስተውጭ ወደ ባቡሩ አጥር ትወጣለች።

«ይህችን ረሳሃት» አለችው።

«አልረሳኋትም። ሁሉንም ደፍኛለሁ፤ ይህችን ግን እጄ እምቢ አለኝ።»

ደብዳቤዎቹ በዚያች ቀዳዳ ዓመት ከሁለት ወር ተመላለሱ። እሱ ከውጭ ያስገባል፣ እሷ ከውስጥ ትወስዳለች። ለግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ ያ ግድግዳ ግን ምላስ አልነበረውም፣ ለማንም ሳይነግርባቸው ኖረ።

በኅዳር ሃምሳ ዘጠኝ አቶ አሻግሬ አንድ ማታ በሩን በርግደው ገቡ። ስርጉዱ ያን ዕለት ጠለቀ። «እሑድ የቀናው ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ የተማረ፣ የታወቀ ቤት ልጅ ነው፤ እሺ ብያለሁ» አሉ። ለሜሳ ሞጆ ለሥራ ሄዶ ነበር፤ ቅዳሜ እንደሚመለስ ታውቃለች። ዓርብ ማታ ጻፈችለት። «ቅዳሜ ሲመሻሽ ወደ ቀዳዳዋ ናና አንድ ቃል በለኝ። ‹ነይ› ካልከኝ የለበስኩትን እንደለበስኩ እወጣለሁ። ዝም ካልከኝ አልፈለግኸኝም ብዬ አባቴ ያለውን እሆናለሁ።» ወረቀቱን ጠቅልላ ቀዳዳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ተላከች። በቀትር ተመልሳ እጇን ወደ ቀዳዳዋ ሰደደች። ወረቀቱ የለም። ጣቷ ከውጭ በኩል የነካው እርጥብ ጭቃ ነበር። ደብዳቤው ተወስዷል፣ ቀዳዳዋ ተደፍናለች። ታዲያ ከጭቃ ሠሪ ሌላ ምን መልስ ይጠበቃል? አፍ አውጥቶ እምቢ ማለት ቢከብደው በሚያውቀው ሙያ ነገራት። መሰለች እንደዚህ አነበበችው። እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ጥር ላይ ተዳረች።

ታዲያ ዛሬ ለሜሳ የሳሎኑን ሚስማር ቀዳዳዎች ጨርሶ፣ የበሩን ኋላ የመጀመሪያውን ጀሶ ሞልቶ እስኪደርቅ ድረስ ወደ ጓዳ ሲገባ፣ ተከትላው ገባች። መደርደሪያው ተነሥቷል። ቀዳዳዋ ግድግዳው ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

«ይህችንም ትደፍናታለህ፣ ወይስ የድሮ ሥራህ ይበቃታል?» አለችው። ድምፅዋ እንዳሰበችው ስል ሆኖ ወጣ።

ለሜሳ ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። ጥግ ላይ ያለውን ጭቃ በጣቱ ቋ ቋ አደረገው፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። «የኔ ሥራ አይደለም» አለ።

«አትዋሽ!»

«እመቤቴ፣ የሠራሁትን አውቃለሁ። ይሄ ያልቦካ ጭቃ ነው፤ ዳሩም አልረጠበም። ለዚህ ነው ከግድግዳው የለቀቀው። ከውጭ ደግሞ የጣት ምልክት አለበት፣ የሴት ጣት። አምስት ዓመት በባቡሩ አጥር ባለፍኩ ቁጥር እያየሁት ነው የኖርኩት።» አፉን ጠረገ። «እንዲህ ያስተማርኩሽ አልነበረም። ስትደፍኚብኝ እንኳ ደህና አድርገሽ አልደፈንሽውም።»

«እርስዎ» ማለቱን ረስቶታል። እሷ ግን ይህን ልብ አላለችም።

«እኔ?» አለች። «እኔ ነኝ የደፈንኩት? አንተ አይደለህም? ደብዳቤዬን ወስደህ በላዬ ላይ ጭቃ የለጠፍክ አንተ አይደለህም?»

«የምን ደብዳቤ?»

 በዚህ መሃል እትዬ ብዙወርቅ በማሰሮ ውኃ ይዘው ገቡ። ቀዳዳዋን አዩና ፊታቸው በራ።

«ውይ፣ ይህቺ ቀዳዳ! እኔ እኮ ነኝ የደፈንኳት። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሲሉ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ አንቺ ገበያ ሄደሽ። ጓሮ እንጨት ልለቅም ብወጣ አይጥ ዘው ብላ ስትገባባት አየሁ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ዛሬ አይጥ የገባበት ነገ እባብ ይገባበታል አልኩና እዚያው ጭቃ አቦካሁ። ጎጆ ልትሠራበት ነው መሰለኝ ወረቀት ጎትታ አስገብታበታለች፤ እሱኑ ከጭድ ጋር በጭቃው መሃል ጠቅልዬ ወተፍኩት። ለሜሳ ቀዳዳ በወረቀት ሲወትፍ አይቼ የለ!» ብለው የጨዋታ ሳቅ ሳቁ። «ያባትሽ እንግዶች አይጥ አይተው ቢሆን ኖሮ ምን ይሉን ነበር?» ማሰሮውን አስቀምጠው፣ የሸክላ ዕቃ የሚያስሩትን አቶ አሻግሬን እንዳይሰብሩት ለመቆጣት ወጡ።

እትዬ ብዙወርቅ ፊደል አልቆጠሩም። ጎበዝ የቤት እመቤት ነበሩ፤ ቀዳዳ አይተው አያልፉም።

ለሜሳ ማንኪያውን አነሣ። የጭቃውን ዳር ሁለት ጊዜ ነካ ነካ ሲያደርገው የውስጡ ክፍል በአንድ ጊዜ ለቀቀና መዳፉ ላይ ወደቀ፤ የውጩ ቅርፊት ግን እንዳለ ቀረ። ሰበረው። ከጭዱ መካከል የተጨማደደ ወረቀት ወጣ። እንደ ድሮው፣ ከዳር እስከ ዳር አነበበ። እርጥበቱ ግማሹን በልቶታል፤ «ነይ ካልከኝ» የሚለው ግን አልጠፋም።

«አጎቴን ሰቦቃን ይዤ ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ። «ከሞጆ ስመለስ ሽማግሌ እንዲሆነኝ ለምኜው እሺ ብሎኛል። ያንን ልነግርሽ ነበር የመጣሁት፣ ቅዳሜ ሲመሻሽ። ስደርስ እርጥብ ጭቃ አገኘሁ። በላዩ የጣት ምልክት። ቆምኩ።»

«ምን ያህል ቆምክ?»

«ባቡሩ መጥቶ እስኪያልፍ።»

መሰለች ግድግዳውን ያዘች። «ሰምቼህ ነበር» አለች።

«ምን?»

«እርምጃህን ሰምቼ ነበር። እዚህ፣ እዚህች ቦታ ተቀምጬ ነበር። የደፈነው ጭቃ ደርቆለት እንደሆን ሊያይ መጣ ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ። አልቅሳ ነበር እንዳትል፣ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ባቡሩ አለፈ። ከዚያ ሄድክ።»

በመካከላቸው የነበረው የአንድ ክንድ ግድግዳ ነው። አንዷ ቃል፣ «ለሜሳ» የምትለዋ ብቻ፣ ያንን ግድግዳ ታልፈው ነበር። እናቷ የደፈኑት ቀዳዳዋን ነው፤ አፏን የደፈነችው ራሷ መሰለች ናት። ይህን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው፣ ስታውቀውም እዚያ በነበረ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀመጠች።

«አምስት ዓመት ጠላሁህ» አለችው። «ድሬዳዋ ወበቁ እንቅልፍ ሲነሳኝ አንተን እየጠላሁ ነው የማነጋው። ቀናው ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ሲከብደኝ አንተን እጠላለሁ። ጥላቻው ነበር ያቆመኝ። አሁን ማንን ልጥላ? እናቴን?»

«እሳቸውንማ አትንኪያቸው።»

«ታዲያ ማንን?»

ለሜሳ ከፊቷ ቁጢጥ አለ። እጁ ወደ እጇ ሄደች፣ መንገድ ላይ በጀሶ የተለቀለቀች መሆኗን አስታወሰችና ጉልበቱ ላይ ተመለሰች። «እኔም ጠልቼሻለሁ» አለ። «በጣም። አደሴን ያገባኋት ጥላቻው ደከም ሲልልኝ ነው። አሁን ነፍሰ ጡር ናት።»

ወረቀቱን አጥፎ ዘረጋላት። «ያንቺ ነው።»

«ላንተ ነው የጻፍኩት። ያንተ ነው።»

«ቤት ልወስደው አልችልም። አደሴ ማንበብ ትችላለች።»

«ቀናውም ይችላል» አለች መሰለች።

በማንበብ የጀመረ ፍቅር፣ ማንበብ በሚችሉ ሰዎች ታጠረ። ሁለቱም ይህን አስበው ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ከሳቁ ግን የሚያለቅሱ መሆናቸውን ስላወቁ ተዉት። መጨረሻ ላይ ለሜሳ ወረቀቱን በነበረበት በቀዳዳዋ ውስጥ አስቀመጠው። ብሩሹን አንሥቶ ውኃ ነከረ። ወደ ግድግዳው አስጠጋው። እጁ ቆመ።

«ይህችን እኔ አልደፍንም» አለ። «ያኔም እጄ እምቢ ብሎኛል፣ ዛሬም እምቢ አለኝ። ለእትዬ ብዙወርቅ የፈለግሽውን ንገሪያቸው።» ብሩሹን ባልዲው ላይ አስተካክሎ ለእሷ አስቀመጠላትና ወደ ሳሎን ሄደ። ጥቂት ቆይቶ የበሩን ኋላ በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ ተሰማ፤ ሽር፣ ሽር፣ ሽር።

መሰለች ብዙ ተቀመጠች። ሰኞ የቤቱ ተረካቢ ይመጣል፤ ቀዳዳ ካየ ጣቱን ይሰዳል። ተነሣችና ቀለበቷን አውልቃ ተነሥቶ በተቀመጠው የመደርደሪያ ሳንቃ ላይ አኖረች። አቧራውን ጠረገች። ዳር ዳሩን አራሰች፤ ግድግዳው ጠጣ፣ ደግማ አራሰች፣ አሁንም ጠጣ። እስኪጠግብ ድረስ አልቸኮለችም። ወረቀቱን ወደ ጥልቁ ገፋችው፤ ሲገፋ የሆነ ነገር ከደረቷ አብሮ የሄደ መሰላት። ለሜሳ ጠዋት ያቦካውን ጭቃ በማንኪያው ጫፍ ወስዳ ሞላች፣ አሳንሳ፣ እንደተነገራት፤ ሲጠና ደገመችው። የጣት ምልክት እንዳይኖርበት በእርጥብ ጨርቅ አለሰለሰችው። አላለቀሰችም። እንባ ቢመጣ ኖሮ ትንሽ በቀለላት ነበር።

እትዬ ብዙወርቅ ሲገቡ ልጃቸው እጇን በማሰሮው ውኃ እየታጠበች አገኟት። ወደ ግድግዳው ተጠግተው በመዳፋቸው ዳሰሱ። አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ጎሽ! ይኸው አሁን ገና ተደፈነች! የኔዋ ለካ ጨዋታ ኖራለች። እንዲህ የሚደፍን እጅ አለሽ እንዴ? ማን አስተማረሽ?»

ሳሎን ውስጥ ሽር ሽር ይል የነበረው ድምፅ ቀጥ አለ።

መሰለች ሰማችው። በመካከላቸው ዛሬም አንድ ግድግዳ ነው፤ ዛሬም ለሜሳ ከወዲያ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ስሙ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ቀለበቷን ከሳንቃው ላይ አንሥታ፣ ገና ባልደረቀው ጣቷ ላይ እያሽከረከረች አስገባችው።

«ማንም» አለች። «ማንም አላስተማረኝም፣ እማዬ።»

ትንሽ ቆይቶ የብርጭቆ ወረቀቱ ድምፅ እንደገና ቀጠለ። መሰለችም ያንን ድምፅ እየሰማች፣ ሰው ሁለት ጊዜ በአንድ ቀዳዳ ሊቀበር እንደሚችል እያሰበች፣ የእናቷን ሳህኖች መጠቅለሏን ቀጠለች።